ለየኔታ ያነበብሁት ብስኩት

እኔ ብስኩት አልበላም። ሐኪም ከልክሎኝ አይደለም፤ ስኳሬ ደህና ነው፣ ጥርሴም አለ። መሥሪያ ቤት ሻይ ሲመጣ ሳህኑን አሳልፈዋለሁ። ሰርግም ላይ፣ ልቅሶም ላይ፣ የልጄ ልደት ላይም እንዲሁ። እንዲህ ከሆንሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ይነፋኛል" እላለሁ፤ ሰውም ይህን ሲሰማ ሌላ አይጠይቅም።

ባለፈው ሁዳዴ ሻይ ላይ ሆነን፣ የእኔ ዘመን ሰዎች እንደ ልማዳችን የልጅነት ምግብ ትዝታ ውስጥ ገባን። በዚህ ወሬ የማይዋሽ የለም። አንዱ የዱቄት ወተት በደረቁ ቅሞ፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ አንድ ቀን ሙሉ ዲዳ ሆኖ እንደዋለ ያወራል። ሌላዋ የቆርቆሮ ዓሣ ታነሣለች፤ ጣና ደጃፋችን ተኝቶ፣ ዓሣ ሻጩ በራችን ላይ እየጮኸ፣ እኛ ስንት ባሕር አቋርጦ የመጣ ዓሣ በመዶሻና በምስማር እንከፍት ነበር ስትል ሁሉም ይስቃል። ይህኛው እንኳ እውነት ነው። እኛም ቤት በመዶሻ ነበር የሚከፈተው።

በዚህ መሐል አንዱ ባልደረባችን ከቦርሳው አንድ እሽግ ብስኩት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና "የድሮው ብስኩት መጣላችሁ" አለ። ምርቱ አዲስ ነው፣ የአገር ውስጥ። ነገር ግን አራት ማዕዘኑ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጥርስ፣ መሐሉ ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ያው የድሮዎቹ ናቸው። ማሸጊያው ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል "የጾም" ተብሎ ተጽፎበታል። እሱን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሳቁ አልቆም አለኝ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። ባልደረቦቼ ውሃ ሊረጩኝ ተነሡ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እናቴ አስተማሪ ነበሩ፤ የምንኖረውም ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው "ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል" ተባለና እናቴ ከረጢት ይዛ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። ከረፋድ እስከ ቀትር ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ባለሱቁ ስኳር በመስፈር ፈንታ አሥራ ሁለት እሽግ ብስኩት ደርድሮ ሰጠን።

"ስኳሩስ?" አለች እናቴ።

"ውስጡ አለ" አላት፣ በብስኩቱ እየጠቆመ።

አልፈልግም ያለ ሰው የሚቀጥለው ወር ሳሙና እንደማያገኝ በሰልፉ ተሰምቶ ስለነበር እምቢ ያለ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ቀበሌው በሞላ፣ በቅበላ ሰሞን፣ ፍስክ ይሁን የጾም በማይታወቅ ብስኩት ተሞላ።

ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ የውጭ ነው፤ እንግሊዝኛም አይደለም። ሥዕሉ የስንዴ ዘለላ ነው። ላም ቢሣልበት ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። ጎረቤታችን ብስኩቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ቅቤ ይንሳፈፍ እንደሆነ ጠበቀች፤ የተንሳፈፈው ራሱ ብስኩቱ ሆነ። ሌላዋ ለድመቷ ሰጠች። ድመቷ አሽትታ ጥላው ሄደች። "እንግዲያው ወተት የለበትም" ተብሎ ሊታመን ሲል፣ ያቺው ድመት ባለፈው ሳምንት ጮማ ትታ ሽሮ ስትበላ ያየ ሰው መጣና ምስክርነቷ ወደቀ። በመጨረሻ ጉዳዩ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሣ። ጓድ ሊቀመንበሩ ብዙ አልተቸገሩም።

"ብስኩት ሃይማኖት የለውም" አሉ።

ሴቶቹ ከስብሰባው ሲወጡ "ሃይማኖት ከሌለውማ ፍስክ ነው" ተባባሉ።

እናቴ አሥራ ሁለቱን እሽግ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ሳጥኑ ያለው እኔ የምተኛበት ክፍል ነው። ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ይጾማልና እኔም ጿሚ ነበርሁ። ብስኩቱ በቁልፍ ቀዳዳው በኩል ይሸተኛል። ሃምሳ አምስት ቀን ከዚያ ሽታ ጋር መኖር አለብሽ የተባለች ልጅ ምን ልትሆን እንደምትችል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የኔታ የመጡት ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የእናቴ አጎት ናቸው፤ ዘጌ ገዳም ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ። ሁለቱም ዐይናቸው ሞራ ለብሶ ነበርና የዐይን ሐኪም ከጎንደር ይመጣል ስለተባለ በጀልባ መጥተው እኛ ቤት ተቀመጡ። ሐኪሙ ግን "በሚቀጥለው ሳምንት" እየተባለ ቀረ። የኔታም ቆዩ። ይዘው የመጡት አንዲት ኩርሲ፣ አንድ ጋቢና የአንድ ጻድቅ ገድል ነው፤ በአንድ ወገን ግእዝ በሌላው ወገን አማርኛ ያለው። ጸሎቱን በቃላቸው ያውቁታል፤ የቸገራቸው ገድሉ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ የአማርኛውን ወገን አነብላቸው ጀመር።

"ነጥቡ ጋ ተንፍሺ እንጂ ልጄ" ይሉኛል። "ጻድቁም ይደክማቸዋል።"

በዚያ ቤት ድምፄን ቁጭ ብሎ የጠበቀው ሰው አልነበረም። አባቴ ማታ ማታ የውይይት ክበብ አለው፤ እናቴ የፈተና ወረቀት ታርማለች። እሳቸው ግን የኮቴዬን ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ያውቁትና "አንባቢዬ መጣች" ይላሉ። ወደድኋቸው። እንደዚያ አድርጎ የጠራኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

የኔታ በቀን አንዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚቀምሱት። ጥርስ የላቸውም። እናቴ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍታ ብታቀርብላቸው፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስደው ይመልሱታል። ከስተው አየቻቸው። አንድ ቀን ጨነቃትና ከሳጥኑ አንድ እሽግ አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረች።

"የኔታ፣ ይችን ነገር ይዩልኝ እስቲ። የጾም ብትሆን ሻይ ውስጥ ትሟሟልዎት ነበር።"

ዳሰሱት፣ አሸተቱት። "ጽሑፍ አለው?"

"አለው፤ የውጭ ነው።"

"ታዲያ አንባቢዬ እያለች" አሉና ወደ እኔ ዘረጉት።

ያን ጊዜ የእንግሊዝኛ ፊደል ከጀመርን ገና ወራችን ነው። እዚያ እሽግ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ አንዱ ጀርባውን አዙሮ የቆመ፣ አንዱ ስድስት እግር ያለው ሸረሪት ይመስላል። አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሽታው አፍንጫዬ ሥር ነው፤ የኔታ የጾም ነው ካሉ ደግሞ ሳጥኑ ለእኔም ይከፈታል።

"ዱቄት" ብዬ ጀመርሁ፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድሁ። "ስኳር። ዘይት። ጨው።"

"ወተትስ?"

"የለም።"

"ቅቤስ? እንቁላልስ?"

"የለም ይላል።"

"የለም ብለው ጽፈዋል?"

"አዎ የኔታ።"

እሽጉን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት። እናቴም አየችኝ፤ ልጇ ይህን ሁሉ ዕውቀት ከየት እንዳመጣችው የገረማት መሰለኝ። "ደጋግ ሰዎች ናቸው" አሉ የኔታ በመጨረሻ። "ያለበትን ብቻ ሳይሆን የሌለበትንም ጽፈው መላካቸው። እንግዲህ በቃልሽ ነው ልጄ። እውነት ከሆነ በረከቱ የሁላችን ነው፤ ሐሰት ከሆነ ግን ዕዳው በአንባቢው ነው።"

"እሽ የኔታ" አልሁ፤ አፌን ምራቅ ሞልቶት።

ብስኩቱ ሲከፈት ማሸጊያውን ልጥለው ስል እጄን ያዙኝ። "ጽሑፍ አይጣልም። ማን ያውቃል፣ የፈጣሪ ስም ይኖርበት ይሆናል።" አለስልሰው አጠፉትና እኔ ያቆምሁበት ገጽ ላይ ዕልባት አድርገው አስገቡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ብስኩት በሻይ ያሟሟሉ፤ በጉንጫቸው ላይ መጠነኛ ሥጋ ተመለሰ። እኔም ድርሻዬን እበላለሁ። ዜናው ግን በቤታችን አልቆየም። "የኔታ ከበሉትማ" ተብሎ፣ ሳጥን የቆለፈ ሁሉ ሳጥኑን ከፈተ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ያቦካሁት ለአንድ ቀበሌ በቃ።

የኔታ በዚህ አላበቁም። ማታ ጸሎታቸውን ሲያሳርጉ፣ ለሙታን፣ ለድውያን፣ በባሕር ለሚሄዱ ከጸለዩ በኋላ "በሩቅ አገር ሁነው የጾም ብስኩት ለሚጋግሩልን ወንድሞቻችን" የሚል ጨመሩ። አባቴ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ።

"የኔታ፣ ይህን የጋገሩት ሰዎች እኮ ፈጣሪ የለም የሚሉ ናቸው።"

"ታዲያ የጾም ለምን ጋገሩ?"

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ነገሩን ውይይት ክበቡ ላይ አንሥቶት እንደነበረና እዚያም መልስ እንዳልተገኘለት የነገረን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጓድ ሊቀመንበሩ ግን ነቄ ሰው ነበሩ። ብስኩቱ መወደዱን ሲያዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ብስኩቱ የጾም ለመሆኑ በጥናት መረጋገጡን አስታወቁ። ተጨበጨበ። ጥናቱ እኔ ነበርሁ፤ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ አብሬ አጨበጨብሁ።

ደስታዬ የቆየው እስከ ጾሙ አጋማሽ ነው። ከግቢያችን አንድ ክፍል የተከራየ መካኒክ ነበር፤ ብስኩቱ ከመጣበት አገር ተምሮ የመጣ። አንድ እሑድ ከአባቴ ጋር ሲጫወት ስለ ብስኩቱ ሰማና ሳቀ።

"የጾም? እኔ እዚያ አምስት ዓመት ስኖር ቅቤ የሌለበት ብስኩት አልበላሁም። ቅቤ በቅቤ ነው።"

አባቴ አሳሳቀና ወሬውን ለወጠ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ። የኔታ፣ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ጾም ሳይገድፉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በእኔ ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅቤ ሲበሉ ከረሙ። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ቀበሌው አለ።

ማሸጊያው ገድሉ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ለመካኒኩ ማስነበብ እችል ነበር፤ የአሥር እርምጃ መንገድ ናት። አላደረግሁትም። መልሱን ፈራሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ውሸቱ አይደለም፤ ያች አሥር እርምጃ ናት።

በማግስቱ የኔታ "አንባቢዬ" ሲሉ "ዐይኔን አመመኝ" አልሁ። ከዚያ ገድል ፊት ዳግመኛ መቀመጥ አልቻልሁም። ያቆምነው ጻድቁ ሐይቅ ዳር ደርሰው፣ የሚሻገሩበት ታንኳ አጥተው፣ ድንጋይ ላይ ቆመው ነው። እዚያው ተዉኋቸው።

ውሸት ሲጀመር መሰላል አለው። ዐይኔን ታመምሁ ስላልሁ፣ ሐኪሙ በመጨረሻ ከጎንደር ሲመጣ እናቴ ሁለታችንንም ይዛ ሄደች። ከየኔታ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የኔታ ከጉያቸው የጠበል ጠርሙስ አወጡ፤ የማያዩት ሰውዬ ያልታመመውን የእኔን ዐይን ይቀቡ ጀመር። "ጌታ ሆይ የእኔን ተወው፣ የልጅቱን ማርልኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። ሐኪሙ በባትሪው አይቶኝ "ይህች ከእኔ የተሻለ ታያለች" አለ። የኔታ ጠበሉ ሠራ ብለው እልል አሉ። ወረፋ የያዘውም ሰው ሁሉ አብሮ እልል አለ፤ ጠበሉን ለመሻማትም ግርግር ተነሣ። ቤት ስንመለስ የማነብላቸው መሰላቸው። እኔ ጉሮሮዬን አመመኝ አልሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ያከመላቸው አንድ ዐይናቸው ለመንገድ ብቻ የሚበቃ ጥቂት ብርሃን አገኘ፤ ወደ ዘጌ ተመለሱ። ጀልባው ሲነሣ እኔ አልጋ ሥር ተደብቄ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው እጅ ሎሚ ይልካሉ። "ለአንባቢዬ፤ መቼ ነው የምትመጣ?" የሚል ቃል አብሮ ይመጣል። ሎሚውን እናቴ ትጨምቀዋለች፤ ቃሉን እኔ እውጠዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ዐረፉ። ፈተና አለብኝ ብዬ ለቀብራቸው ሳልሄድ ቀረሁ። ፈተናውስ እውነት ነበር፤ ግን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር።

ብስኩት መተዌ እንግዲህ የንስሐ አባቴ ያዘዙኝ ቀኖና አይደለም፤ ራሴ ለራሴ ያዘዝሁት ነው። "አባ፣ ብስኩት አንብቤ ቀበሌ አስገደፍሁ" ተብሎ እንዴት ይነገራል?

የዚያን ዕለት ሻይ ላይ ከሳቅሁና ካለቀስሁ በኋላ ቤት ገብቼ ነገሩን ለልጄ ነገርኋት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለአንድ ብስኩት?" አለች። "ለአንድ ብስኩት አይደለም" ልላት ብዬ ተውሁት። ቅዳሜ ጀልባ ተሳፍረን ዘጌ ሄድን።

ገዳሙ ሴት የሚገባበት ነው። የየኔታ ተማሪ የነበሩ፣ አሁን እሳቸውም መምህር የሆኑና የሸመገሉ አባት ከቡና ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። የማን ልጅ እንደሆንሁ ስነግራቸው ተነሥተው ቆሙ።

"አንባቢያቸው እርስዎ ነዎት?"

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡና ገድሉን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዘው መጡ። ስከፍተው ራሱ ያቆምሁበት ገጽ ላይ ተከፈተ። ማሸጊያው እዚያው ነበረ፤ ቀለሙ ነጥቷል፣ የስንዴው ዘለላ ግን ይታያል። ልጄ ስልኳን አውጥታ ከላዩ ዘረጋችው። ይህ ስልክ የማያነበው ቋንቋ የለም ትላለች። እኔ የታንኳ መቅዘፊያ የተደገፈበትን ግድግዳ አይ ነበር።

"የስንዴ ዱቄት" አለች። "ስኳር። የአትክልት ዘይት። ጨው። የዳቦ ማቡኪያ ሶዳ።" ቀና አለች። "በቃ። ሌላ ነገር የለውም።"

"ወተትስ?"

"የለም እማዬ።"

"ቅቤስ?"

"የለም አልኩሽ እኮ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት በሌሎች ሰዎች ላይ ነው የሚያምረው። እኔ ሳላነብ አንብቤ ነበር። መካኒኩ የበላው ሌላ፣ እኛ የበላነው ሌላ። የኔታ አልገደፉም፤ ቀበሌው አልገደፈም። አርባ ዓመት ብስኩት የቀረብኝ፣ የኔታም የቀሩብኝ፣ በሌለ ቅቤ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። መምህሩ ሶዳ የሚለውን አልሰሙም መሰል፣ "ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው፤ ይህንማ የኔታ በቃላቸው ይሉት ነበር" አሉ።

"ለምንድን ነው ገጹ ያልተነካው?" አልኋቸው። "እናንተ ተማሪዎቹ አላነበባችሁላቸውም?"

"ሌላውን መጽሐፍ ሁሉ እናነብላቸው ነበር። ይህን ግን ከዚህ ገጽ ወዲያ እንዳናልፍ ከልክለውናል። አንድ ቀን ደፈርሁና 'የኔታ፣ መጨረሻውን መስማት አይሹም?' አልኋቸው። 'እኔማ አውቀዋለሁ' አሉኝ። 'መጨረሻውን ያልሰማችው እሷ ናት።'"

ልጄ ከቦርሳዋ የቢሮውን ዓይነት ብስኩት አንድ እሽግ አውጥታ፣ ቀድዳ፣ ምንም ሳትል አጠገቤ አኖረችው። ሰዓቱ የየኔታ መቅመሻ፣ ዘጠኝ፣ ገና አልሞላም ነበር። መነጽሬን አደረግሁና ጻድቁን ሐይቁ ዳር ካቆምኋቸው ቦታ ጀመርሁ። ብዙ ዘመን ቆመው እንደጠበቁ ይላል። አንድ ቀን ደክሟቸው ድምፅ አውጥተው ቢጣሩ፣ ከሐይቁ ዳር ደንገል ኋላ አንድ ባለታንኳ ብቅ አለ። "ከመጡ ጀምሮ እዚሁ ነበርሁ አባቴ" አላቸው። "እስኪጠሩኝ ነው የጠበቅሁ።"

ነጥቡ ጋ ስደርስ ተነፈስሁ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ገጽ ለየኔታ አነበብሁላቸው።